በብርዝ የሰከረው ዳኛ

ጨመዳ ባቻ በነቀምት ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የወባ ኪኒን ያድላል። መልኩ ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው ዓይነት አልነበረም፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ ከኮሌታው ቀድሞ የሚሄድ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ከሲታ ደረት የሚወጣው ድምፅ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ የብዙ ጋሻ መሬት ጌታ የሆነ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ «ሱሪህን ዝቅ አድርግ» ሲል በሽተኛው ያለ ማንገራገር ዝቅ ያደርጋል። መጋረጃው ተገልጦ ጎረምሳውን ሲያይ ግን የተታለለ ይመስለውና ይኮሳተራል።

ይህን ድምፅ ያገኙት አቶ ማዘንጊያ ናቸው። አቶ ማዘንጊያ ከሸዋ ተመድበው የመጡ የአማርኛ መምህር ሲሆኑ፣ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብጉንጅ ሊያስፈርጡ ጤና ጣቢያ ሄደው ድምፁን ሰሙና ብጉንጃቸውን ረሱት። በዚያ ሰሞን ጉቦ ስለማይበላ ዳኛ አንድ ቴያትር ጽፈው ጨርሰዋል። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጡት እያለ የፈጠራ ችሎታቸውን ያደንቅ ነበር። የቸገራቸው ዳኛውን የሚሆን ሰው ነው።

«ልጄ፣ ዳኛ መሆን ትፈልጋለህ?» አሉት፣ ብጉንጃቸውን እየጠረገላቸው።

«እኔ ድሬሰር ነኝ፣ ጋሼ።»

«ለአንድ ቀን ብቻ። ለዘውድ በዓል።»

ጨመዳ ቴያትር ሠርቶ አያውቅም፤ በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዘምራል። እሺ አለ። የባሏን መሬት የተነጠቀችውን መበለት እንድትሆን ድርቤ ተመረጠች። ድርቤ ለከተማው ልጃገረዶች ጥልፍ የምታስተምር፣ ስትናገር ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ልጅ ናት። የሐሰት ምስክሩን ደግሞ መርጋ ያዘው። መርጋ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጪ የሚያድር ሳቂታ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ጠጅ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ይህ አሁን የማይረባ ነገር ይመስላል።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት ካባ የለበሱ ሹማምንት፣ ከኋላቸው ነጋዴዎች፣ በግድግዳው ዙሪያ ከአርጆና ከሲሬ ለበዓሉ የገባ ባላገር። ጨመዳ የተዋሰውን ካባ ደርቦ በመጋረጃው መካከል ብቅ ሲልና «ከሳሽ ይቅረብ» ሲል፣ እውነተኛው የአውራጃ ዳኛ ሳይቀሩ ከወንበራቸው እስከ ግማሽ ተነሥተው፣ ነገሩ ሲገባቸው ካባቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ተቀመጡ። ድርቤ አልቅሳ አስለቀሰች። መርጋ በሐሰት ሲምል ከኋላ ያለው ባላገር «ውሸቱን ነው! እኔ አውቀዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ፍርዱ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የጣራው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር።

ካለቀ በኋላ አንድ ከአርጆ የመጡ አዛውንት በር ላይ ጠብቀው ጨመዳን እጅ ነሡት።

«ጌታዬ፣ የኔ ነገር እነሆ ሦስት ዓመቱ።»

«አባቴ፣ እኔ ድሬሰር ነኝ።»

«ይሁን» አሉ አዛውንቱ፣ ምንም ሳይከፋቸው። «ዛሬ በዓል ነው። ነገ እመጣለሁ።»

ጨመዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን እንኳ አላየውም። በሽተኛ ያመሰግነዋል፤ ሰው ግን እንደዚህ አምኖት አያውቅም።

ከአዲስ አበባ አንድ ጋዜጠኛ ይመጣል ተብሎ ነበር። ስሙ ወሰኔ ነው፤ የሚጽፍበትን ሳምንታዊ ጋዜጣ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ዛሬ የለም። የተሳፈረበት አውቶቡስ ባኮ ላይ ተሰብሮ አደረና ወሰኔ ነቀምት የገባው ቴያትሩ ባለቀ ማግስት ነው። ያረፈው ወይዘሮ በዛብሽ ቤት ነበር። ወይዘሮ በዛብሽ ጎጃሜ ናቸው፤ ከፊት ጠጅ ይሸጣሉ፣ ከኋላ እንግዳ የሚያሳድሩባቸው ሦስት ክፍሎች አሏቸው፤ በከተማው ውስጥ የአዲስ አበባ ሰው የሚያርፍበት ሌላ ቤት አልነበረም። ወሰኔ እግሬ አብጧል ብሎ ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። አቶ ማዘንጊያ ጨነቃቸው። «ተራራው ወደ እኛ ካልመጣ እኛ ወደ ተራራው እንሂድ» ብለው ሦስቱን ልጆች በዘጠኝ ሰዓት ይዘዋቸው ሄዱ፤ ድርቤም ሰው እንዳያያት በጓሮ በር ገባች። አቶ ማዘንጊያ አስተዋውቀዋቸው ሲያበቁ የፈተና ወረቀት ላርም ብለው ወጡ።

ወይዘሮ በዛብሽ የሚሲዮን ልጆች መሆናቸውን ስለሚያውቁ ብርዝ ቀዱላቸው። ብርዝ ያልተጠነሰሰ የማር ውሃ ነው፤ ሕፃንም ይጠጣዋል። ቤቱ ግን ጠጅ ቤት ነውና የሚቀዳው በብርሌ ነው። በብርሌ ውስጥ ደግሞ ብርዝና ጠጅ መንታ ናቸው። ወሰኔ የያዘው ብርሌ እውነተኛው ነበር፤ እነሱ ሲደርሱ ስንተኛው እንደሆነ ወይዘሮ በዛብሽ ብቻ ያውቃሉ።

«ለመሆኑ ቴያትር ለምን ትሠራላችሁ?» አለ ወሰኔ፣ ማስታወሻውን ከፍቶ።

ጨመዳ ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር። «ሰው ፍርድ ቤት ተመላልሶ ያላገኘውን ነገር ለሁለት ሰዓት እንኳ እንዲያይ ነው» አለ።

«ዱጋዳ!» አለ መርጋ።

«አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ አይተናል» አለች ድርቤ።

«ዱጋዳ!» አለ መርጋ አሁንም፤ ደስ ሲለው እንዲሁ ነው።

በኦሮምኛ «ዱጋ» እውነት ማለት ነው፤ መርጋም «እውነት ነው» ማለቱ ነበር። «ዱጊ» ደግሞ ጠጣ ማለት ነው። ወሰኔ ከወለጋ ምድር የተማረው ቃል አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ያስተማሩት ወይዘሮ በዛብሽ ናቸው፣ እሱም ይኸው «ዱጊ» ነው። መርጋ «ዱጋዳ» ባለ ቁጥር ወሰኔ «ዱጊ» ያለ መስሎት ብርሌውን አንሥቶ ይጎነጫል፤ ጨመዳ ስለ ፍርድ ሲናገር ያልተንቀሳቀሰው እርሳስም ያን ጊዜ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። በመጨረሻ ካሜራውን አወጣ።

«ብርሌውን ከፍ አድርጉት። ብርሃኑ ይምታው። ሳቁ እንጂ!»

መርጋ ሳቀ። ሌሎቹም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና ፈገግ አሉ።

ጋዜጣው በአውቶቡስ ነቀምት የደረሰው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶግራፉ የገጹን ሩብ ይዟል፤ ሦስት ወጣቶች ብርሌ ከፍ አድርገው ይስቃሉ። ከበላዩ በወፍራም ፊደል «የጠጅ ቤት አርበኞች» ይላል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«በነቀምት ከተማ አዲስ ዓይነት አርበኞች ተነሥተዋል። ጦር ሜዳቸው ጠጅ ቤት፣ ጋሻቸው ብርሌ ነው። ቀን በዘጠኝ ሰዓት ያገኘናቸው እነዚህ የቴያትር ወጣቶች፣ በየንግግራቸው መካከል በአገራቸው ቋንቋ ‹ጠጣ! ጠጣ!› እየተባባሉ፣ አብራቸው ያለችውም ወጣት ከወንዶቹ ሳታንስ...» እያለ ይወርዳል። ስለ ቴያትሩ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ቴያትሩም መልካም እንደ ነበረ ይነገራል።»

ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ማንበብ የሚችል ላልቻለው እያነበበ፣ ያልቻለው ፎቶግራፉን እያየ ዋለ። ማንበብ ያልቻለው ነው የበለጠ የገባው። በሦስተኛው ቀን ልጆች ጨመዳን ገበያ ላይ ሲያዩት «መቻኣ!» እያሉ ይሸሹ ጀመር፤ ሰካራም ማለታቸው ነው።

እናቱ አደ ደራርቱ ማንበብ አያውቁም። ጋዜጣውን ጎረቤት አምጥታ ስታሳያቸው ፎቶግራፉን አገላብጠው አዩና መለሱላት። ልጃቸው ከሥራ ሲገባ ግን በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አፍህን ክፈት።»

ከፈተ።

«ሃ በል።»

ሃ አለ። አሸተቱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ያሸቱት ነበር፤ አንድም ቀን ምንም አላገኙም። ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው። የሚሸት ሰካራም አይተዋል፣ ወንድማቸው ነበር። የማይሸት ሰካራም ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ነገሩ ባሰ። መርፌ የያዘ እጁን የሚያዩት ዓይኖች በዙ፤ እጁም ሲታይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲንቀጠቀጥም ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በጆሮው፣ «ኢልማ ኮ፣ አታስቀይመኝ፤ ነገ በጧት፣ መጠጡን ሳትጀምር ልምጣ?» አሉት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ ባይሳ በበኩላቸው ጠርተውት ከመዘምራን መካከል ለጊዜው እንዲያርፍ ነገሩት። ብርዝ ነው ብሎ ቢምልላቸው፣ «ጋዜጣው የመንግሥት ፈቃድ ያለው ነው» አሉ፣ ያዘኑ መስለው።

የድርቤ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ሲሬ ካሉ ነጋዴ ልጅ ጋር ልትታጭ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው፣ ልጃችን ገና ትምህርቱን አልጨረሰም አሉ። ልጁ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው።

«እግዜር ይስጠው ያንን ጋዜጠኛ» አለች ድርቤ ለጨመዳ፣ እየሳቀች። «ልጁን እኔም አልወደድኩትም ነበር።»

ልጃገረዶቹ አንድ በአንድ ከጥልፍ ትምህርቷ ሲቀሩ ግን ሳቁን ተወችው። አንድ ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ክር እየጠቀለለች አገኛትና ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ሲጠፋው አብሯት ጠቀለለ።

መርጋ ሌላ መንገድ ያዘ። በየሄደበት «አርበኛው መጣ!» ይሉታል፣ ይጋብዙታል፤ እምቢ ሲል ይቀየሙታል። መጀመሪያ ብርዝ ነው እያለ አስረዳ። ሰለቸው። ከገና በኋላ አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ በዛብሽ ቤት ገብቶ፣ «ስሙን አውጥተውልኝ ግብሩን ምን ከለከለኝ?» ብሎ እውነተኛውን አስቀዳ። ስለዚህ ጋዜጣው በመርጋ በኩል ሐሰት አልጻፈም፤ ሁለት ወር ቀድሞ ጻፈ እንጂ።

ደስ ያላቸው አቶ ማዘንጊያ ብቻ ናቸው። ጋዜጣውን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

«ስማችን ወጣ፣ ጨመዳ!»

«ጋሼ፣ ምን ስም ነው የወጣው?»

«ስም ስም ነው። ጊምቢ ጠርተውናል። ደምቢ ዶሎ ጠርተውናል። ሻምቡ ሳይቀር! ማን ያውቀን ነበር?»

ጨመዳ እሺ ያለው ዳኛውን እንደገና እንዲሠራ ስለተነገረው ነው። ሰው ቴያትሩን ካየ ነገሩን ሁሉ ይረዳል ብሎ አሰበ። ጥር ላይ ጊምቢ ሲደርሱ ግን በየቡና መጋዘኑ ግድግዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበ፦ «የጠጅ ቤት አርበኞች መጡ!» የዳኛው ስም የትም የለም።

አዳራሹ ከነቀምቱ ይበልጥ ሞላ። ጨመዳ ካባውን ደርቦ ብቅ አለና «ከሳሽ ይቅረብ» አለ። ያ ድምፅ ያው ነው። ሳቅ ፈነዳ። አፉን ሳይከፍት ሲጠብቁት የነበረ ሳቅ ነው። ታገሠ፤ ቀጠለ። ድርቤ ስታለቅስ «ማነው የቀዳላት!» አሉ። ፍርዱን ሊያነብ ሲነሣ የመድረኩ ሳንቃ አንዱ ብድግ ብሎ ነበርና እግሩን ጠለፈው፤ በጠረጴዛው ተደግፎ ተረፈ። ጊምቢ ጣራው እስኪነሣ አጨበጨበ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ዕንባውን እየጠረገ፣ «እንዴት አድርጎ ነው የሠራት!» ሲል ተሰማ።

በማግስቱ አቶ ማዘንጊያ ቴያትሩን አረሙት። ዳኛው ሰካራም ሆነ። መበለቷ ኮማሪት ሆነች። የተነጠቀው መሬት ነገር ከነጭራሹ ወጣ። የወጣው ሰው ስላልፈለገው ነው ቢሉም፣ ሹማምንቱም ቅር እንዳላላቸው ይታወቅ ነበር፤ ጉቦ ከማይበላ ዳኛ ይልቅ የሰከረ ዳኛ ለሁሉም ይቀላል።

ከሁሉ የከፋው ጨመዳ ሥራውን ጥሩ አድርጎ መሥራቱ ነው። እምቢ ለማለት አስቦ መድረክ ላይ ይወጣና ሰውነቱ ይታዘዛል፤ አንድ ጉልበቱ ከሌላው ዘግይቶ ሲታጠፍ፣ ያ የተከበረ ድምፅ በአንድ ፊደል ላይ ሲደናቀፍ፣ ደምቢ ዶሎ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር። ሰካራምነቱን ያጠናው ከመርጋ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሲንገዳገድ እያየ። መኝታው ላይ ሲሆን ግን ያ በነቀምት አዳራሽ የነበረው ጸጥታ ትዝ ይለውና ይነድደዋል።

መጋቢት ላይ ፈቃድ ጠይቆ አዲስ አበባ ወጣ። የጋዜጣው ቢሮ ፒያሳ አጠገብ ደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። ወሰኔ ሲያየው እንደ ወንድሙ አቀፈው።

«አርበኛው! ተቀመጥ እንጂ! ሰማሁ፣ ሰማሁ፣ በየከተማው እየዞራችሁ ነው አሉ። አየህ፣ እኔ ሳልጽፍ ማን ያውቃችሁ ነበር?»

«አቶ ወሰኔ፣ እኛ ጠጅ አንጠጣም። የዚያን ቀን ብርዝ ነበር።»

ወሰኔ ከልቡ ደነገጠ። «አትጠጡም? በጭራሽ?»

«በጭራሽ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ። «ትለምዱታላችሁ።»

ጨመዳ በዚያ ድምፁ፣ ያሰበውን ሁሉ በዝግታ ተናገረ፤ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ድርቤ ባዶ ክፍል። ከኋላ ሆነው ያዳመጡት የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ከባድ ባለሥልጣን የገባ መስሏቸው ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ሲያዩት ቅር ቢላቸውም እርማት እንደሚያወጡ ቃል ሰጡ። ጨመዳም እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ወደ ነቀምት የተመለሰው ልቡ ቀልሎት ነው።

እርማቱ በሚያዝያ ወጣ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ያው ፎቶግራፍ አለ፤ ከበላዩ ግን «የጠጅ ቤት አርበኞች ጠጅ ተዉ!» ይላል። «ከእነርሱ አንዱ ወደ ዝግጅት ክፍላችን በአካል ቀርቦ በተሰበረ ልብ እንዳስረዳን፣ ከእንግዲህ ብርዝ ብቻ...» እያለ ይቀጥላል።

በነቀምት ደስታ ሆነ። ኦቦ ባይሳ እቤቱ ድረስ መጥተው ጨመዳን አቀፉት።

«እሑድ በጉባኤው ፊት ትመሰክራለህ። ጌታ ካወጣህ ጉድጓድ ለሌሎቹ ወጣቶች ትነግራቸዋለህ። ከዚያ ወደ መዘምራን ትመለሳለህ።»

«ኦቦ ባይሳ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባሁም።»

«ትሕትና መልካም ነው» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እሑድ ግን ዘርዘር አድርገው።»

ሳምንቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ቢፈልግ ያደርገዋል፤ ሰካራምን እንደሚያውቅ ንስሐ የገባ ሰካራምንም መሥራት አያቅተውም። እንዲያ ቢያደርግ ጉባኤው እንደሚያለቅስ፣ ሻምቡና ጊምቢ ያሉ ጉባኤዎችም እንደሚጠሩት ያውቃል። እሑድ ተነሣ። መሐረቦች ከየኪሱ ወጥተው ተዘጋጅተዋል።

«ጠጅ ቀምሼ አላውቅም» አለ። «የዚያን ቀን የጠጣሁት ብርዝ ነው። በፊትም አልጠጣሁም፣ አሁንም አልተውኩም፤ የምተወው ነገር አልነበረኝም። ሌላ የምነግራችሁ የለኝም።»

 ከሴቶቹ ወንበር አንዲት አሮጊት በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ያ ዋቃ! አምላኬ፣ ምን ያህል ቢጠጣ ነው እስኪረሳው ድረስ!» አሉ።

ያን ጊዜ አደ ደራርቱ ተነሡ። በጉባኤ ተናግረው አያውቁም፤ ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። «አምስት ወር በየማታው አፉን አሽትቻለሁ» አሉ። «ልጄ የሚሸተው አዮዲን ነው።» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ፤ ኦቦ ባይሳም ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ለጨመዳ አንድ ወር ሊጸለይለት፣ እስከዚያው ደግሞ ከኋላ ረድፍ ሆኖ ሊዘምር ተስማሙ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሠፈራቸው ወደ ባኬ ጃማ ወረዱ፤ ከዚያን ምሽት ጀምሮም አፍህን ክፈት የሚለው ቀረ።

በ1958 መስከረም ለቢላ ጤና ኬላ ድሬሰር ተፈለገ። ቢላ ያን ጊዜ ከመንገድ የራቀች፣ ክረምት ከገባ በበቅሎ ካልሆነ የማይደረስባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ከነቀምት ማንም ወዶ አይሄድም። ጨመዳ የመጀመሪያው ሆኖ እጁን አወጣ። ጋዜጣ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደርስም አሉት።

ድርቤ በዚያው ወር ወደ አዲስ አበባ ወጣች። አንድ የቴያትር ቡድን «ያቺን የጠጅ ቤት አርበኛ» ፈልጎ በአቶ ማዘንጊያ በኩል አስጠርቷት ነበር፤ ነቀምት ውስጥ የምታስተምራት አንዲት ልጅ አልቀረላትምና ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጨመዳ የጻፈችለት ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «እስከ ዛሬ ዘጠኝ ቴያትር ሠርቻለሁ። በዘጠኙም ኮማሪት ነኝ። የምናገረው ሁለት ቃል ነው፤ ‹ልቅዳልዎት?› እና ‹መሸ እኮ›። ባለፈው ሳምንት መበለቷን ልሁን ብዬ ለመንኳቸው። አዘጋጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ አንቺ ስታለቅሺ ሰው አያምንሽም አለኝ። አንተስ አታምነኝም ነበር?» ጨመዳ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ «አምንሽ ነበር፤ አውራጃው ሁሉ አምኖሽ ነበር» ብሎ ጻፈላት። መልስ እስክትጽፍ ብዙ ወራት አለፉ፤ ያን ጊዜ ኮማሪትነቱን ትታ ልብስ ስፌት መክፈቷን ነገረችው። የቴያትር ቡድኑን ልብስ የምትሰፋው ራሷ ናት፤ የመበለቷንም ጭምር።

መርጋ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጊምቢ የቡና መጋዘን ጠባቂ ሆነ። እዚያ ሚስት አገባና መጠጡን ተወ። ይህን ግን ማንም አልጻፈለትም።

ቢላ ሕፃናት በሆድ ትል የሚያልቁባት ነበረች። ጨመዳ ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ እያለ ቢለፈልፍ የሰማው የለም። አንድ የገበያ ቀን ቢቸግረው ነጭ አንሶላ ከአናቱ እስከ እግሩ ተጠቅልሎ፣ በቅርጫት በሠራው የሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ እህል ተራ መካከል በሆዱ እየተሳበ ወጣ። ትሉ እሱ ነው። በዚያ የተከበረ ድምፁ፣ በኦሮምኛ፣ ለገበያተኛው ምስጋና አቀረበ። እጃችሁን ስለማትታጠቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ፣ ከወንዙ እንዲሁ ስለምትጠጡ ቤቴን አሞቃችሁልኝ አለ፣ ዘመዶቼን ሁሉ ጠርቼ ልመጣ ነው አለ። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ስለ ትል የሚሠራ ቴያትር የትኛውን ሹም ይነካል? ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ አንዲት ሴት ግን ሳቋን አቋርጣ የልጇን እጅ ገልብጣ አየች። ጨመዳ ከቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ ያንን አይቶ ንግግሩን ረሳው።

በየገበያው ደገመው፤ አዳዲስ ነገር እየጨመረ ብዙ ዓመት ሠራው። አንድ ጊዜ አቶ ማዘንጊያ ሰው ልከው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሰካራሙን ዳኛ ቦታ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ አሉት። ሥራ ላይ ነኝ ብሎ መለሰ።

የቢላ ሰው ስሙን ጨመዳ ብሎ መጥራት ከተወ ቆይቷል። ትል በኦሮምኛ ራሞ ነው፤ ኦቦ ራሞ፣ አቶ ትል እንደ ማለት፣ ይሉታል፣ ትልቁም ትንሹም። እናቱ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ይህን ሰምተው ተቆጡ።

«ደግሞ ትል ይሉሃል?»

«ይሄን እንኳ አይተው ነው ያወጡልኝ፣ እናቴ» አለ ጨመዳ።

በር ላይ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። «ኦቦ ራሞ አለ?» አለች።

«አለሁ፣ ግቢ» አለ ጨመዳ፣ እጁን እየታጠበ።